የመንግሥት ሠራተኛው አቤቱታ በማን ይዳኝ?

አወያይ፦ ከሥራ የተሰናበተ፣ ከደረጃው ዝቅ የተደረገ ወይም ደመወዙ ያለ አግባብ የተቆረጠበት የመንግሥት ሠራተኛ ይግባኙን እንደ እስከ ዛሬው የመንግሥት ሠራተኞችን ይግባኝ ለማየት ለተቋቋመው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቅርብ ወይስ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታይ? ከድሬዳዋና ከሐረር የምትሳተፉ ሁሉ ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድታቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጠበቃ፣ ከድሬዳዋ፦ እኔ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲዛወር ከሚጠይቁት ወገን ነኝ። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ በተተኪው በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የተደራጀው ሲቪል ሰርቪሱን በሚመራው የአስፈጻሚ አካል ሥር ነበር። በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ መልስ ሰጪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ ዳኛውም የሚተዳደረው በዚያው በአስፈጻሚው ወገን ከሆነ፣ ዳኛው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ይግባኝ ባዩ ሙሉ እምነት ሊጥልበት ይቸገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞች ከመንግሥት አካልም ሆነ ከባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ ሆነው በሕግ ብቻ እንዲመሩ የደነገገው ይህ ጥርጣሬ እንዳይፈጠር ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የማስረጃው ነገር ነው። በእነዚህ አዋጆች መሠረት የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በፍሬ ነገር ረገድ፣ ማለትም በእርግጥ ምን ተፈጸመ በሚለው ላይ፣ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ሲሆን፣ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው የሕግ ስሕተት አለ ሲባል ብቻ ነበር። የዲሲፕሊን ክርክር ደግሞ በአብዛኛው የፍሬ ነገር ክርክር ነው፤ ሠራተኛው ንብረት አጉድሏል ወይስ አላጎደለም፣ ከሥራ በቀረባቸው ቀናት ታሞ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ምስክሩ የተናገረው ያየውን ነው ወይስ የአለቃውን ቃል? ማስረጃውን መጀመሪያ የሚሰማው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚቋቋመው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴውን የውሳኔ ሐሳብ ተቀብሎ የሚቀጣው ደግሞ የበላይ ኃላፊው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው እንጀራውን ሲያጣ ማስረጃው ከአስፈጻሚው ውጭ ባለ ዳኛ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመዘን ሊቀር ይችላል። ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ከሐረር፦ ወንድሜ ጠበቃው ያነሱትን ሥጋት አከብራለሁ፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የመዳኘት ሥልጣንን ለፍርድ ቤት ብቻ አልሰጠም፤ ሰው ጉዳዩን በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው ለሌላ አካልም እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ባገለገልኩባቸው መሥሪያ ቤቶች እንዳየሁት፣ ቅጣት ብዙ ጊዜ የሚሻረው ሠራተኛው ጥፋት እንደሌለበት ስለተረጋገጠ ሳይሆን፣ ክሱ በጽሑፍ ሳይደርሰው ወይም የመከላከያ ምስክሮቹ ሳይሰሙ በመቀጣቱ ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት፣ እንዲሁም የምደባን፣ የደረጃ ዕድገትንና የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ውስብስብ መመሪያ ለይቶ ለማወቅ ሥራዬ ብሎ የያዘው ዳኛ ያስፈልጋል። የቤት ካርታ፣ የውርስና የውል መዝገብ በተከመረበት ችሎት ላይ ይህን መጨመር ሠራተኛውን በቀጠሮ ብዛት ማድከም ይሆናል።

አወያዩ ሁለቱን ከተሞች በአንድነት ስለጠሩ አንድ ነገር ልጨምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች ስለ ሠራተኞቻቸው ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ የሐረሪ ክልል ሠራተኛ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቢሻሻል የሐረሩ ሠራተኛ ጥያቄ በዚያው አይመለስም።

የዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ፦ ሁለታችሁም ስለ ርቀቱ አላነሳችሁም። እዚህ ከተማ የሚሠራ የፌዴራል ሠራተኛ ይግባኝ የሚልበት ፍርድ ቤት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የተሰናበተ ሰው ደመወዝ የለውም። የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ወጪ ከዘመድ ተበድሮ ይሄዳል፤ ቀጠሮው ለሌላ ቀን ሲዛወርበት እንደገና ይበደራል፤ በመጨረሻ ይተወዋል። በዚሁ በድሬዳዋ በፋብሪካ የሚሠራ ጎረቤቱ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ክሱን ያለ ዳኝነት ክፍያ በከተማው በሚያስችል የሥራ ክርክር ችሎት ያቀርባል፤ ሕጉም ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። መንግሥት በግል አሠሪዎች ላይ የጣለውን ግዴታ እሱ ራሱ አሠሪ ሲሆን የማይሸከምበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ጠበቃ፣ ከድሬዳዋ፦ እህቴ ያነሱት ነጥብ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በድሬዳዋ ያስችላል፤ ሥልጣኑ ቢሰጠው ሠራተኛው ከሳቢያን ሰፈር ተነስቶ በእግሩም ቢሆን ይደርሳል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ከሐረር፦ የርቀቱን ችግር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ዳኞች በየጊዜው ወደ ድሬዳዋ መጥተው እንዲያስችሉ ቢደረግ፣ ልዩ ዕውቀቱም ሳይጠፋ ችግሩ ይቃለላል። ተጠሪነቱም ከአስፈጻሚው ወጥቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢሆን አልቃወምም።

ጠበቃ፣ ከድሬዳዋ፦ ተጠሪነቱ ከተለወጠና የፍሬ ነገር ይግባኝ ከተፈቀደ በመካከላችን የሚቀረው ልዩነት ጠባብ ነው። የፍሬ ነገር ይግባኙን ግን አልለቅም።

የዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ፦ እኔ ደግሞ አፈጻጸሙን አልለቅም። ወደ ሥራው እንዲመለስና ውዝፍ ደመወዙ እንዲከፈለው የተወሰነለት የማውቀው ሰው ውሳኔውን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ፣ የሥራ መደቡ በአዲሱ መዋቅር ታጥፏል ተብሎ ተመልሷል። የሚዳኘው ማንም ይሁን ማን፣ ውሳኔውን በተወሰነ ቀን ውስጥ ያልፈጸመ የበላይ ኃላፊ በግሉ የሚጠየቅበትና ሠራተኛው በተመሳሳይ ደረጃ ባለ ሌላ መደብ ላይ የሚመደብበት ድንጋጌ ከነቀነ ገደቡ በሕጉ ውስጥ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።