«ውሸት ምንድነው?» ብለን ጀምረን ተኳረፍን

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከታላቅ እህቴ ጋር እንደ ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ እንደ ሶቅራጥስ እንጫወት ተባባልን። አንዱ ቃል ይመርጣል፣ ሌላው ትርጉም ይሰጣል፣ መራጩ ትርጉሙን የሚያፈርስ ምሳሌ ይፈልጋል። እኔ ውሸትን መረጥኩ።

«እውነት ያልሆነ ነገር መናገር» አለችኝ። የቆመ ሰዓት አይቼ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብነግርሽ ዋሸሁሽ? አልኳት። «እሺ፣ እውነት አለመሆኑን እያወቁ መናገር።» ተዋናይ መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ ንጉሥ ነኝ» ሲልስ? «በቃ፣ ለማታለል ብሎ የሚለው ይግባበት።» እዚህ ላይ የጨረስን መስሎን ነበር። ከዚያ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ አመጣሁባት። እናቱ «ማን ሰበረው?» ስትለው «ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች» ይላል። ድመቷ ደግሞ እውነትም እዚያ ነበረች። እህቴ ዝም አለች፣ ቆይታ «አንተ እኮ ማሸነፍ ነው የምትፈልገው» ብላኝ ተነስታ ሄደች።

ልጁ ዋሽቷል ወይ? ደግሞስ ይሄ ጨዋታ ሰው ሳያስቀይሙ እንዴት ነው የሚጫወቱት?

ቃል ፈላጊ፦
ልጁ አታሏል እንጂ አልዋሸም ባይ ነኝ። ከአፉ የወጣው ሁሉ እውነት ነው። ማታለል ሰፊ ነው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይቻላል፤ መዋሸት ከመንገዶቹ አንዱ ነው። የጥንቱ የክርስትና ሊቅ አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመት በፊት ስለ ውሸት ሲጽፍ፣ ዋሾ ማለት በልቡ አንድ ነገር ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገር ነው ብሏል። በዚህ ከሄድን የሰዓቱም ነገር ይፈታል፣ የተናገርከው ያመንከውን ነዋ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የተገላቢጦሹ ነው። ሰው ሊዋሽ አስቦ ሳያውቀው እውነቱን ቢናገርስ? «ወንድምህ የት ነው?» ሲሉት፣ ወጥቷል ብሎ እያመነ «ክፍሉ ውስጥ ነው» አለ እንበል። ወንድሙ ለካ አልወጣም። በኔ እምነት ዋሽቷል። እንዲያ ከሆነ እህትህ የጀመረችበት «እውነት ያልሆነ» የሚለው ራሱ ላያስፈልግ ነው።

እርጋታ፦
እኔ ሁለተኛውን ልመልስ። የሶቅራጥስ ተማሪ ፕላቶን በጻፈው አንድ ውይይት ላይ ሶቅራጥስ ላኬስ የሚባል የጦር አዛዥን ጀግንነት ምንድነው ይለዋል። ላኬስ ቦታን ሳይለቁ፣ ሳይሸሹ ጠላትን መግጠም ነው ይላል። ሶቅራጥስም ታዲያ እስኩቴሶች የሚባሉት ፈረሰኛ ሕዝቦች እየሸሹም ይዋጉ የለም ወይ? ይለዋል። ላኬስ ትርጉሙን ይቀይራል፣ ያም ይፈርሳል፤ ኒቅያስ የሚባል ሌላ አዛዥ ይገባል፣ የሱም አይጸናም። መጨረሻ ላይ ማንም አላገኘውም። ሶቅራጥስ ግን እናንተ አታውቁም ብሏቸው አልሄደም፤ እኔን ጨምሮ ሁላችንም አስተማሪ ያስፈልገናል ነው ያላቸው።

አንተ ጋ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። ማፍረሱን ለራስህ ይዘህ መገንባቱን በሙሉ እህትህ ላይ ጣልከው። ሁለት ጊዜ ስታሻሽል አንዴ እንኳን «ይሄኛው ጥሩ ነው፣ የቆመ ሰዓቱን አልፎታል» አላልካትም። ተራ ተቀያየሩ፣ ምሳሌ ስታመጣም መጠገኛ ሐሳብ አብረህ አምጣ።

ጠያቂው፦
እውነትህን ነው፣ አላልኳትም። ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ጠይቄ ትርጉም ሰጪው እኔ ልሁን አልኳት። «በልብ ያመኑትን ትቶ፣ ሰሚው እንዲያምን ብሎ ሌላ መናገር» አልኩ። ትንሽ አሰበችና «ራሱን የሚዋሽ ሰውስ? እሱ በልቡ ያመነው የቱን ነው?» አለችኝ። እስካሁን እያሰብኩ ነው። ማታ እንቀጥላለን፣ መጠገኛ ያለው ካለ ከዚያ በፊት ይጻፍልኝ።