ከኮሚት በፊት እንይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ከደብረ ብርሃን፣ አርቃቂ

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ስብሰባ እንዳወጋነው የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። የሚጨመረውን ጨምሩ፣ የሚቀነሰውን ቀንሱ። ጉባኤው ፊት ስንቀርብ የሁላችንም ድምፅ ያለበት ይሁን።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጽሑፋችንን የምንይዘው በጊት ነው፤ የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዝ ፕሮግራም። ለውጡን መዝገቡ ውስጥ ማስገባት «ኮሚት» ይባላል። የሰሜን ሸዋ የእርሻ መቁጠሪያችን 13 ፋይል ነው፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። ዘንድሮ ታትሞ ሲመጣ ግን 12 ወር ብቻ ሆነ። ጳጉሜን የለችም። አምስት ቀን ናት ብሎ የሚያልፋት ይኖር ይሆናል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። የሩፋኤልን ዝናብ ጠብቆ የሚያድር ሰው መቁጠሪያውን ገልጦ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ላይ ሲያርፍ ምን ይለናል? ጽሑፉ ተጽፎ ነበር። የጠፋው እኛ እጅ ላይ ነው።

ረቂቄ አንድ አንቀጽ ነው፦ «ማንኛውም አባል ኮሚት ከማድረጉ በፊት ጊት ስታተስ ብሎ የተቀየሩትን ፋይሎች ሁኔታ ይመልከት።»

በቂ ነው ብዬ አስባለሁ። እናንተስ?

ከመሐል ሜዳ

ጳጉሜንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቅድሚያ ስጡኝ።

የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው። ኮሚት ሳደርግ «ሰረዝ ኤ» ጨመርኩበት። ያለውን ሁሉ ሰብስብ ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጊት ቀድሞ የሚያውቃቸውን ፋይሎች ለውጥና ስረዛ ብቻ ነው የሚወስደው። አዲስ ፋይል አይነካም። ጳጉሜን አዲስ ፋይል ነበረች። መጀመሪያ «አድ» ብዬ ጊት እንዲያውቃት ላደርግ ይገባኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ያረምኩት ገባ፣ ጳጉሜን ላፕቶፔ ላይ ቀረች። እኔ ደግሞ ሁለቱም ገብተዋል ብዬ ለሁላችሁ ነገርኩ።

ግን ወንድሜ፣ ረቂቅህ ይህን ችግር አይፈታውም። እኔ እኮ ስታተስ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። መጨረሻው ላይ ቀይ መስመር ነበር። በቁጥር የታጨቀ ነው። ወደኋላ የተጋደመ ሰረዝ፣ 341፣ ደግሞ ሰረዝ፣ 214፣ ደግሞ ሰረዝ፣ 263 እያለ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ለራሱ የፈጠረው ጊዜያዊ ፋይል መሰለኝና አለፍኩት። ለካ ያ መስመር ራሷ ጳጉሜን ናት።

ስለዚህ «ይመልከት» የሚለው ብቻውን አይበቃም። አይቼም አላየሁም።

ከደብረ ብርሃን፣ የኮምፒውተር ተማሪ

ወንድማችን ያየው ነገር የሁላችንም ማሽን ላይ አለ። ስላልጠየቅን ነው እንጂ።

ጊት የፋይል ስም ውስጥ የላቲን ያልሆነ ፊደል ሲያገኝ፣ ካልከለከሉት በስተቀር፣ ፊደሉን ራሱን አያሳይም። ፊደሉ የተቀመጠበትን ባይት በስምንት ቤት ቁጥር፣ ማለትም ከ0 እስከ 7 ባሉ አኃዞች ብቻ፣ ይጽፈዋል። ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ደንብ፣ በዩቲኤፍ 8፣ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። «ጳ» ማለት 341፣ 214፣ 263 ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት ሁሉ በ341 ነው የሚጀምሩት፤ ለዚህ ነው መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስለው። «ጳጉሜን» አራት ፊደል ናት። አራት በሦስት 12 ባይት። እያንዳንዱ ባይት ከነሰረዙ አራት ምልክት። ወንድማችን ስክሪን ላይ ያያት ጳጉሜን 48 ምልክት ነበረች። ማን ይለያታል?

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ጊት ኮንፊግ፣ ሰረዝ ሰረዝ ግሎባል፣ ኮር ነጥብ ኮትፓዝ፣ ፎልስ። አንዴ ከተባለ በዚያ ማሽን ላይ ላለ ሪፖ (የጊት ማኅደር) ሁሉ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ስታተስ ጳጉሜንን ጳጉሜን ይላታል።

ይህ ማስተካከያ የረቂቁ የመጀመሪያ አንቀጽ ይሁን። መታየት የሚችል ነገር ሳይኖር ተመልከቱ ማለት አይሆንም።

ከደብረ ብርሃን፣ አርቃቂ

ይህን አላወቅኩም ነበር። እውነት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይግባ። መሐል ሜዳ ያለኸው ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ረቂቁን ስጽፍ ሳታይ ያለፍክ መስሎኝ ነበር።

ከሸዋ ሮቢት

ልጆቼ፣ ስለ ማሾና ስለ ሽንኩርት ጠይቁኝ እንጂ ስለዚህ ብዙ አላውቅም። ግን የቆላውን ክፍል የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስታተስ ሲባል ሦስት ርዕስ በእንግሊዝኛ ይመጣል። አንዱ ሥር አረንጓዴ፣ ሁለቱ ሥር ቀይ። ቀዩን ሳይ ስህተት የሠራሁ ይመስለኝና እዘጋዋለሁ። ሦስቱን በአማርኛ የሚነግረኝ አለ?

ከመሐል ሜዳ

ጋሼ፣ እኔ ከደረሰብኝ በኋላ በገበሬ ቋንቋ ነው ለራሴ ያስረዳሁት። ቀይ ስህተት ማለት አይደለም፤ ገና አልተሰበሰበም ማለት ነው።

የሚጽፉበት ፎልደር ማሳዎ ነው። «አድ» ሲሉ ነዶውን አውድማ ላይ ከመሩት ማለት ነው። «ኮሚት» ሲሉ ጎተራ ገባ። እንግዲህ አረንጓዴው ርዕስ አውድማ ላይ ያለው ነው፤ ቀጣዩ ኮሚት ይዞት ይገባል። አንደኛው ቀይ፣ ጊት የሚያውቀው ፋይል ተቀይሮ ገና ማሳ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ቀይ፣ ጊት ጨርሶ የማያውቀው አዲስ ፋይል ነው። ጳጉሜን እዚያ ነበረች።

ከእነዋሪ

የአውድማው ምሳሌ ደስ ይላል፤ ለጋሼም ይግባ። ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስታልና ሳይታተም ይስተካከል። እኔ የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው።

ነዶ አውድማ ሲሄድ ማሳው ባዶ ይሆናል። ፋይል እንደዚያ አይደለም። «አድ» ስንል ጊት የዚያን ቅጽበት ቅጂ ነው የሚወስደው። ዋናው ማሳው ላይ ይቀራል፣ እኛም መጻፋችንን እንቀጥላለን። ከዚያ በኋላ የጻፍነው አውድማው ላይ ካለው ጋር አይደባለቅም።

ሐምሌን ስጽፍ የሆነውን ልንገራችሁ። አገራችን ጅሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ይተኛበታል። ውሃ የሚያጠነፍፈው ቦይ መቼ እንደሚቀደድ ጽፌ «አድ» አልኩ። ማታ አባቴን ሳነብለት «ይሄ ልክ አይደለም፣ እንዲህ ብታደርጊው» አለኝ። አስተካከልኩ። ጠዋት ተነስቼ ኮሚት አደረግኩ። የገባው የማታው ሳይሆን ከአባቴ በፊት የነበረው ነው። ስታተስ ብል ኖሮ ያው የሐምሌ ፋይል አረንጓዴው ሥርም ቀዩ ሥርም ሁለት ጊዜ ተጽፎ አየው ነበር። አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ላይ ሲታይ ብልሽት አይደለም። «ከአድ በኋላ ነክተኸዋል» ማለት ነው። እንደገና አድ ይባላል።

አጭሩን መልክ ለምትወዱ፣ ስታተስ ላይ «ሰረዝ ኤስ» ጨምሩ። ከፋይሉ ስም ፊት ሁለት ቦታ ይመጣል። ግራው አውድማ፣ ቀኙ ማሳ። ግራም ቀኝም ኤም ከሆነ የእኔ ሐምሌ ነው። ሁለት የጥያቄ ምልክት ከሆነ የመሐል ሜዳዋ ጳጉሜን ናት። እኔ አሁን ከዚህ ሌላ አልጠቀምም፤ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታተስ የትኛው ፋይል እንደተቀየረ ነው የሚነግረን፤ ምኑ እንደተቀየረ አይነግረንም። ምኑን ለማየት «ጊት ዲፍ» ነው። ለአውድማው ደግሞ «ጊት ዲፍ፣ ሰረዝ ሰረዝ ስቴጅድ»። እኔን ያዳነኝ የነበረው ይሄ ነው። የአባቴ ቃል ውስጡ አለ ወይስ የለም የሚለውን ስታተስ አይመልስልኝም። ረቂቁ ሁለቱንም ይጥቀስ።

ከአንኮበር

በእህቴ ሐሳብ እስማማለሁ። የእኔ ጉዳይ ኔትወርክ ነው።

ስታተስ ኢንተርኔት አይነካም። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ መስመር በሌለበት ቀንም ይሠራል። ግን ከላይ «ብራንችህ ከኦሪጅን ጋር እኩል ነው»፣ ማለትም የአንተ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ካለው የጋራ ቅጂ ጋር አንድ ነው፣ ሲል እንዳታምኑት። የሚያወዳድረው ማሽናችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ካመጣው ጋር ነው። ለሁለት ሳምንት ፌች ካላደረጋችሁ (ከሰርቨሩ አዲሱን ካላመጣችሁ)፣ እኩል ነህ የሚለው የሁለት ሳምንት ወሬ ነው። እኔ የበልጉን ክፍል ስጽፍ በዚህ ተታልያለሁ። እኩል ነኝ ብዬ የካቲትን ከላይ እስከ ታች አረምኩ። ለካ እነዋሪ ያለችው እህቴ ቀድማ አርማው ኖሯል። ሁለታችንም አንዱን አንቀጽ ነክተን ግጭት ሆነ፣ ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ስለዚህ «መጀመሪያ ፌች፣ ከዚያ ስታተስ» ይባል። መስመር ከሌለ ስታተሱ ስለ ራሳችሁ ማሽን ብቻ እንደሚናገር ዕወቁ።

ሌላም አለ። አዲስ ፎልደር ስትፈጥሩ ስታተስ የፎልደሩን ስም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ውስጡ ያለውን አይዘረዝርም። ባዶ ፎልደር ከሆነ ጭራሽ አይታይም። ዝርዝሩን ለማየት «ሰረዝ ዩ» ጨምሩበት።

ከምንጃር

በፍላሽ የምንቀባበል አለን። ከፍላሽ ላይ ስከፍተው ያለው ፋይል ሁሉ ተቀይሯል ይለኛል። አንድ ፊደል ግን አልነካሁም። ይሄ ነገር ስታተስን እንዳላምን አድርጎኛል።

ከደብረ ብርሃን፣ የኮምፒውተር ተማሪ

ወንድሜ፣ ሊነክስ ላይ ከሆንክ ምክንያቱ የፍላሹ ፎርማት ነው። ፍላሹ የፋይሉን ፈቃድ መያዝ አይችልም፤ ሁሉም ፋይል ፕሮግራም እንደሆነ ተደርጎ ይነበባል። ጊት ደግሞ ያንን እንደ ለውጥ ይቆጥረዋል። እዚያ ሪፖ ላይ «ኮር ነጥብ ፋይልሞድ፣ ፎልስ» በለው። ዊንዶውስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው፤ እሱን «ጊትአትሪቢውትስ» የሚባለው ፋይል ላይ አንድ መስመር ጽፈን ለሁላችንም እናስተካክለዋለን። ይሄን እኔ እሠራለሁ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሆሄ ነው። ሪፖው ውስጥ «ኅዳር»ም «ህዳር»ም አለ። ለኛ አንድ ወር ነው። ለጊት ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው። «ሐምሌ» እና «ሀምሌ»፣ «ታኅሣሥ» እና «ታህሳስ»ም እንዲሁ። አንዱን ስም ብታስተካክሉ ስታተስ መጀመሪያ የድሮው ተሰረዘ፣ አዲሱን አላውቀውም ይላል። ሁለቱንም አድ ካላችሁ በኋላ ነው ስሙ የተቀየረ መሆኑን የሚረዳው። ስለዚህ አንድ ሆሄ እንምረጥ። እንደኔ ስማቸው ፊት ቁጥርም ይግባ። 13-ጳጉሜን እንደማለት። ወሮቹ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ማስተካከያውን ያላደረገ ማሽን ላይም ቢያንስ 13 የምትለዋ ትታያለች።

ከእነዋሪ

በቁጥር ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀደም ሲል ሰምቼ ነበር፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር። መቁጠሪያው የእኛ ነው፣ ወሮቹም ስም አላቸው። ቁጥሩ ከነስማቸው ከሆነ ግን እደግፋለሁ።

ከመሐል ሜዳ

ስታተስ ንጹሕ ካልሆነ ኮሚት የሚከለክል ሁክ፣ ማለትም ጊት ራሱ የሚያስኬደው ትንሽ ፕሮግራም፣ ብናስገባስ? ሰው ይረሳል።

ከደብረ ብርሃን፣ አርቃቂ

አስቤበት ነበር፤ አሁን ባይገባ ይሻላል። ሁክ ሪፖው ሲኮረጅ አብሮ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ለየብቻ መጫን አለበት። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከሌለ መልሰን እንዘናጋለን። ደግሞም አንዳንዴ አውቀን ማሳ ላይ የምንተወው ጅምር ይኖራል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊነክስ ሲሠራው ተራርቀው ለሚሠሩ ሰዎች ነው የሠራው። እኛም ከመንዝ እስከ ምንጃር ተራርቀን ነው የምንሠራው። ማሽኑ ያለውን ያሳየናል፤ የትኛው ይግባ የሚለውን እኛ እንወስናለን።

እንግዲህ ከሁላችሁም የሰበሰብኩት ይሄ ነው። ጉባኤው ፊት የሚነበበው ቃል በቃል ይህ ይሁን?

«እኛ የመቁጠሪያው አዘጋጆች የሚከተለውን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። የማንኛውም አባል ማሽን የአማርኛ የፋይል ስም በግልጽ እንዲያሳይ አስቀድሞ ይስተካከላል። ፋይሎች በቁጥርና በተስማማንበት አንድ ሆሄ ይሰየማሉ። አባሉ መስመር ካለ ፌች ያደርጋል፤ ከዚያም ስታተስ ያያል፤ ምኑ እንደተቀየረ በዲፍ ያነባል፤ ከዚያ ኮሚት ያደርጋል። ከኮሚት በኋላ እንደገና ስታተስ ያያል። አስገብቻለሁ ብሎ ለሌሎች የሚናገረው ፑሽ ካደረገ (ወደ ሰርቨሩ ከላከ) እና የቀረ ነገር አለመኖሩን ካየ በኋላ ነው። የስታተስ ርዕሶች የአማርኛ ትርጉም በአንድ ገጽ ታትሞ ለእያንዳንዱ አባል ይሰጣል።»

ከሸዋ ሮቢት

እኔ ተስማምቻለሁ። ያቺ አንድ ገጽ ግን ከጉባኤው በፊት ትድረሰኝ። ፊደሏ ጎላ ትበል፣ ዓይኔ ደክሟል። እነዋሪ ያለችው ልጄ ያነሳችው የቅጂ ነገርም ይጻፍባት።

ከእነዋሪ

እሺ ጋሼ፤ እኔ እጽፋታለሁ። ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ካገኘሁ ነገ እልክልዎታለሁ፤ ካጣሁ ቅዳሜ።

ከመሐል ሜዳ

እኔም ተስማምቻለሁ። ጳጉሜንን አሁን አድ ብዬ፣ ኮሚት አድርጌ፣ ፑሽ አደረግኩ። ስሟ 13-ጳጉሜን ነው። ስታተስ ባዶ ነው። እባካችሁ አንዳችሁ ፌች አድርጉና መድረሷን ንገሩኝ።

ከአንኮበር

ደርሳለች። እያነበብኳት ነው።