አንድ ዓመት በኦንላይን ተጫወትን፤ ሁለተኛውን እንዴት እንጀምር?

ጠያቂ፦ ማዕዘን

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው መስከረም የኛ ቡድን አንድ ዓመት ይሞላዋል። የምንጫወተው ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛውን እትም ነው፤ ጌም ማስተሯ እኔ ነኝ። ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እኔ ሁኔታውን እተርካለሁ፣ ተጫዋቾቹ ካራክተራቸው (በታሪኩ ውስጥ የያዙት ገጸ ባሕርይ) ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፣ ይሳካ አይሳካ የሚለውን ባለ 20 ጎን ዳይስ ይወስነዋል።

አራት ተጫዋቾች አሉኝ። ሁለቱ እንደኔው አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዷ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንዱ ፍራንክፈርት። ድምፁ በዲስኮርድ፣ ካርታው በሮል ትዌንቲ፣ ወሬው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ቅዳሜ ማታ በአማርኛ እንጫወታለን።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰዓቱ ሳይደርስ ነበር የሚገባው። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። አዲስ አበባ ካሉት አንዱን ኔትወርክ ይቆርጥበታል፤ ሲመለስ ውጊያው አልቋል። አንዷ ደግሞ ትገባለች፣ ግን ብዙም አትናገርም። ታሪኩ ገና ግማሽ ላይ ነው። ዓመቱን አብረን ወደኋላ ብናየው ብዬ አሰብኩ። ግን «እንዴት ነበር?» ስላቸው «አሪፍ ነበር» ከማለት አያልፉም። ይሉኝታ ይዟቸዋል። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ታሪኩን እንቀጥል ወይስ ዘግተን አዲስ እንጀምር?

መልስ፦ ባለ በቅሎው

እንኳን አደረሳችሁ እህቴ። ዓመት ሙሉ ሰው ማሰባሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

«እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሰው ፊትሽ ላይ መጥፎ አይልም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። አንደኛ፣ ከዓመቱ ውስጥ እስካሁን የምታስታውሱት ትዕይንት የቱ ነው? ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ማየት ትፈልጋላችሁ? ውጭ አገር ያሉ ተጫዋቾች ይህንን «ኮከብና ምኞት» ይሉታል። ጥቅሙ ቅሬታው በምኞት መልክ መውጣቱ ነው። «ውጊያው ረዘመብኝ» ማለት የሚከብደው ሰው «ብዙ ድርድር ቢኖር ደስ ይለኛል» ለማለት አይቸገርም።

መጀመሪያ በጽሑፍ ለየብቻ ይላኩልሽ፤ ከዚያ ዳይስ የሌለበት አንድ ማታ ተገናኙና አብራችሁ አንብቡት። ያን ማታ አንቺ ጻፊ እንጂ ማብራሪያ አትስጪ። ጌም ማስተሯ «እሱን ያደረግኩት እኮ...» ብላ ከጀመረች ሰዉ ወዲያው ዝም ይላል።

እኛ ጋ ይህንን ስናደርግ ሁሉም ድራጎኑን ያነሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ካርታውም ድምፁም የተለፋበት እሱ ነበርና። ከአራቱ ሦስቱ የጻፉት ግን ስለ በቅሎዋ ነው። አንድ ነጋዴ በቅሎውን በ30 ወርቅ ሊሸጥላቸው ፈልጎ፣ አንዷ ተጫዋች የበቅሎዋን አፍ ከፍታ ጥርሷን አየች፣ «ይቺ እኮ አያቴን ታስተምራለች» ብላ በ8 ወርቅና በአንድ ገመድ አስጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የሚከራከሩት ሰው አስቀምጥላቸዋለሁ። ምን እንደሚወዱ እንዲህ ካልጠየቅሽ አታገኚውም።

መልስ፦ የሜሪላንድ ማታ

የሰው መቅረት ሁልጊዜ የፍላጎት መቀነስ አይደለም። የሰዓት ጉዳይም አለበት። «ከፋሲካ ወዲህ» ስትይ እሱን ነው የጠረጠርኩት።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ እኛ አሜሪካ ያለነው ግን በዓመት ሁለቴ እንቀይራለን። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ገደማ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ በቀረው ጊዜ 8። አውሮፓ ደግሞ መጋቢት ላይ ከአሜሪካ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ይቀይራል። እናንተ ቅዳሜ በሀበሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ፣ የዋሽንግተኗ ልጅ በብርዱ ወራት በፈረንጅ ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ነበረች፤ አሁን 2 ሰዓት ሆኖባታል። እዚህ የቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ብዙ ነው፤ የሥራ ሽፍቱም፣ የልጆቹም ነገር አለ። ፍራንክፈርት ያለውም በፈረንጅ ከምሽቱ 7 ሰዓት ወደ 8 ሄዶበታል።

ስለዚህ ዲስኮርድ ላይ ኢቨንት ፍጠሪ፤ ለእያንዳንዱ ባለበት አገር ሰዓት ያሳየዋል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «3 ሰዓት» ብለሽ ብቻ አትለጥፊ። የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ ጻፊው። እኔ በዚህ ጣጣ የተበተነ ቡድን አውቃለሁ።

መልስ፦ ሰሚት 72

ስለ ኔትወርኩ ልበል። ዲስኮርድ ላይ የድምፅ ቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ ቢትሬት (ድምፁ የሚወስደው የዳታ መጠን) የሚል አለ። ሳይነካ 64 ነው። ወደ 32 አውርጂው፤ ለወሬ በቂ ነው፣ ደካማ መስመር ላይ ያለውም ይተነፍሳል። ቪዲዮ ዝጉ። ካርታውን ከመጫንሽ በፊት አሳንሺው።

ሮል ትዌንቲ አሁንም ከከበደው አውልቤር ሮዲዮን ሞክሩ። ቀላል ነው፤ ተጫዋቾቹ አካውንት ሳይከፍቱ በሊንክ ይገባሉ። ፋውንድሪ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም የሚመክርሽ ይኖራል። ጎበዝ መሣሪያ ነው፣ የምትገዢውም አንቺ ብቻ ነሽ፣ ለዚያውም አንዴ። ግን በተለምዶ የሚሠራው ከጌም ማስተሯ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያንቺ ቤት መብራት ጠፋ ማለት የሁሉም ካርታ ጠፋ ማለት ነው። ለአዲስ አበባ አልመክረውም።

መስመር ለሚቆረጥበት ልጅ ደግሞ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ «እኔ ከወጣሁ ካራክተሬ ይህንን ያደርጋል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ያስቀምጥ። ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደተፈጠረ በጽሑፍ ያገኘዋል።

መልስ፦ ዘጊው

እኔ ዝጉት ባይ ነኝ። ግማሽ ላይ ያለ ታሪክ በሁለተኛው ዓመት ላይ ሸክም ነው። ሦስት አራት ቅዳሜ መድቡና የምር ጨርሱት፤ ያልተፈታው ሁሉ መፈታት የለበትም። እያንዳንዱን ተጫዋች «ካራክተርሽ ሳትጨርሰው ብትቀር የሚቆጭሽ ነገር ምንድን ነው?» በይ። አራት መልስ ታገኛለሽ። እነሱን ብቻ ፍቺ፤ ሌላውን ተዪው።

ቀጣዩን በአጫጭር ታሪክ ሥሩት። ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና አንድ፣ ከገና እስከ ፋሲካ ሌላ። በየመሀሉ እረፍት ይኑር። ሰው መጨረሻውን የሚያውቀው ነገር ላይ ቃል ለመግባት ይደፍራል። በየእረፍቱ ጌም ማስተርነቱን ሌላ ሰው ቢይዘው ደግሞ አንቺም ትጫወቻለሽ።

መልስ፦ ባለ በቅሎው

በዚህ አልስማማም። ሰው ካራክተሩን ዓመት ሙሉ ሲያሳድግ ኖሮ ዝጋ ሲባል አብሮ የሚሄድ አለ። መለወጥ ያለበት ታሪኩ ሳይሆን አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ማታ ከአንድ ከተማ ተነስቶ እዚያው ከተማ ይለቅ። ያን ቀን የመጣው ይወጣል፤ የቀረው ከተማ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ሦስት ሰው ቢመጣም ጨዋታው አይሰረዝም። ቤን ሮቢንስ የተባለ አሜሪካዊ ዌስት ማርችስ ብሎ ያስተዋወቀው አካሄድ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ቋሚ ቡድንም ቋሚ ቀንም አልነበረውም። እናንተ ቀኑን ይዛችሁ ሌላውን መውሰድ ትችላላችሁ።

ጠያቂ፦ ማዕዘን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የሰዓቱ ነገር ትክክል ነው፤ የዋሽንግተኗ ልጅ ቅዳሜ ልጆቿን የምታደርስበት ሰዓት ላይ ነው የወደቀው። በሀበሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ ልናደርገው ነው። መዝጋት ወይስ መቀጠል የሚለውን ከኮከብና ምኞቱ በኋላ እነሱ ይወስኑ። ዝም ስለምትለዋ ግን አሁንም ግራ ገብቶኛል። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

መልስ፦ ሰናይት ዘ ሮግ

እኔም ብዙ ከማይናገሩት ነኝና ልመልስልሽ። አንድም ቀን ካልቀረች ጨዋታውን ትወደዋለች። ሰው ፊት «ለምን አትናገሪም?» አትበያት። በውስጥ መስመር ጻፊላትና ማዳመጥ ደስ ይላት እንደሆነ ወይም መግቢያ አጥታ እንደሆነ ጠይቂያት። ማዳመጡን ከወደደችው ተያት።

መግቢያ ካጣች መድረኩን ስጫት፤ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብለሽ ለሁሉም ከመጣል «በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አንቺን ነው የሚያየው፤ ስምሽን ጠየቀሽ» በይ። በኦንላይን ፊት ስለማይታይ ቀድሞ የተናገረ ነው የሚይዘው፤ በስም መጠራት ብዙ ያግዛል። በጽሑፍ ቻናሉ መጫወትም ይፈቀድላት፤ የጻፈችውን አንቺ አንብቢላት።

ሕጉ በእንግሊዝኛ መሆኑም ሊሆን ይችላል። እኔን የያዘኝ እሱ ነበር። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው፣ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነጻ ነው። ምንጩን እስከጠቀስሽ ድረስ መተርጎምና ማካፈል ይቻላል። የኛ ጌም ማስተር በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጀልን፤ በተራሽ ምን ማድረግ ትችያለሽ፣ ዳይሱ ላይ ምን ትደምሪያለሽ፣ ስትጎጂ ምን ይሆናል፣ በቃ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።