ለቡቺ የማደርቀው ሙዝ እየሻገተ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ቡቺ የሚባል 14 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አለኝ። ሱቅ የሚሸጠው ብስኩት ስኳሩ ስለሚበዛ፣ ሲታዘዘኝ የምሸልመውን ነገር ከሙዝና ከፓፓያ ራሴ ላዘጋጅለት ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ሞከርኩ። ወንፊት ላይ ደርድሬ በነጠላ ሸፈንኩት። ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ፣ ሙዙ ጠቆረ፣ ዝንብ ወረረው። ጣልኩት።

ከዚያ በኦቨን ሞከርኩ። የእኔ ትንሿ ኦቨን ከ100 ዲግሪ በታች አትወርድም። 5 ሚሊሜትር አካባቢ አድርጌ ቆራርጬ፣ በሯን በእንጨት ማንኪያ ከፈት አድርጌ 3 ሰዓት አቆየሁት። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፤ መሃሉ ግን በጣት ስጫነው ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አስቀመጥኩት። በ4ኛው ቀን ስከፍተው እንደ ጠላ ይሸታል፤ ከታች ያሉት ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ወጥቷል። ሻጋታ ውሻን ሊመርዝ ስለሚችል ሁሉንም ደፋሁት። ቡቺ የክዳኑን ድምፅ ሰምቶ ጆሮውን ቀስሮ ቆሞ ነበር። አንጀቴን በላው።

ስኳርም ጨውም አልጨምርም። የፓፓያውን ፍሬ አወጣለሁ። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ስለሚጎዱ አጠገቡ አይደርሱም። ፍሪጅ አለኝ፤ ግን መብራት ስለሚጠፋ አልተማመንበትም።

እንደኔ ዓይነት ኦቨን ያላችሁ፣ ሙዙ ጠርዙ ሳያርር መሃሉ ድረስ እንዲደርቅ በምን ያህል ውፍረት ቆርጣችሁ ስንት ሰዓት ታቆዩታላችሁ?