ቮልሴ አራት የኋላ ማርሽ አወጣች፤ ካምቢዮው ምን ነካው?

የአባቴ ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እየሳቃችሁም ቢሆን መልሱልኝ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል 1300 ቮልስ ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት። ፈጠን ካለች ከኋላ እንደ ወፍጮ ትጮህ ነበር። ማርሽ ብቀይርም ጩኸቱ ያው ነው፤ ኩርባ ላይ ይብሳል። ዲፈረንሻሉ (ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያካፍለው) ነው ብዬ ሞተሩን አወረድኩ፣ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ አውጥቼ ግቢ ውስጥ አሮጌ በር ላይ ዘረጋሁት። የዘይት ማፍሰሻው ማግኔት የብረት ፂም አብቅሏል። አክሰሎቹን አወጣሁ፣ የጎን ክዳኖቹን ፈታሁ፣ ዲፈረንሻሉን አወጣሁ። እውነትም አንዱ ኩሽኔታ ተፋፍቋል። ከሶማሌ ተራ ሁለት ገዝቼ፣ ሁሉንም በናፍጣ አጥቤ መለስኩ።

ትናንት ከግቢ ልወጣ አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ወደ ኋላ! የእናቴ ጌሾ ላይ ወጣሁ። በክሪክ አንስቼ ሞከርኩ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል። የኋላ ማርሹ ደግሞ ወደ ፊት። እማዬ "አባትህ ሲነዳት እንዲህ አልነበረችም" ብላ ገባች።

ጎማ ነፊው፦
ከኋላ ወንበር ስር ያለው የማርሽ ዘንግ መጋጠሚያ ላልቶ ይሆናል። እሱን አጥብቀው።

የአባቴ ቮልስ፦
አይቼዋለሁ፣ ጥብቅ ነው። ደግሞ እሱ ቢሆን ማርሽ ይሳሳታል እንጂ አራቱም ወደ ኋላ እንዴት ይሄዳሉ?

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ አይዞህ። ዲፈረንሻሉን ገልብጠህ ነው የገጠምከው። በቮልስ ኮሮናው፣ ትልቁ ጥርሳም ጊር ማለቴ ነው (በሽታው ሳይመጣም ስሙ ይኸው ነበር)፣ የሚቀመጠው በግራ፣ በሹፌሩ በኩል ነው። በቀኝ ሲገጠም ፒኞኑ፣ ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጊር፣ በሌላ ጎኑ ይነዳዋል፤ ጎማውም ተገልብጦ ይዞራል። በድሮው የቮልስ ሚኒባስ ግን ኮሮናው በቀኝ ነው። እሱ ጎማዎቹ ጋ ሌላ ጥንድ ጊር ስላለው አዙሪቱን መልሶ ያቃናዋል። ያንን ካምቢዮ እንዳለ ቮልስ ላይ የገጠመ ሁሉ እንዳንተ ጌሾ ላይ ይወጣል።

ስትፈታው ካምቢዮውን ሆዱን ወደ ላይ አድርገህ ነበር አይደል?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከኩሽኔታዎቹ ጋር ያሉትን ቀጫጭን ስፔሰሮች (የማራራቂያ ቀለበቶች) የግራና የቀኙን ለይተሃል? ውፍረታቸው አንድ አይደለም። ኮሮናው ከፒኞኑ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የመቶኛ ሚሊሜትር ጉዳይ ነው። ከተቀላቀሉ ወይ ትጮሃለች ወይ ጥርስ ትበላለች። በዚያ ላይ ኩሽኔታ ቀይረሃል። ማይክሮሜትር ያለው ሰው ሳይለካው እንዳትነዳት።

የአባቴ ቮልስ፦
አዎ! ሆዱ ወደ ላይ ነበር። በቾክ "ግራ" ብዬ የጻፍኩት የእኔን ግራ ነው። ስገጥም ደግሞ ቀና አድርጌው ነበር፤ ያንኑ ግራ በግራ ከተትኩ። ስፔሰሮቹን በሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለይቻቸዋለሁ፤ ግን የጣሳዎቹም ግራ ያው የእኔ ግራ ነው።

የድሮ መካኒክ፦
እንግዲያው ስፔሰሮቹ ከኮሮናው ጋር አብረው ዞረዋል፤ አብረው ይመለሳሉ። ልኬቱ ግን አይቀርልህም። አሁን ቾኩን ተወው። ክዳኑና ካምቢዮው ላይ በመምቻ ነጥብ አድርግ፤ ናፍጣ አያጠፋውም።

የጎማውን የ36 ሚሊሜትር ዳዶ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ፍታው። ወደ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚጠብቀው። ክሪክ ላይ አድርገህ በቱቦ ከታገልከው መኪናዋን በራስህ ላይ ትጥላታለህ። ስትጨርስ 3 ሊትር 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሙላ፤ 2.5 ሊትር የሚበቃው ዘይት ለመቀየር ብቻ ነው።

የአባቴ ቮልስ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እማዬ መጀመሪያ ጌሾውን መልሰህ ትከል ብላለች። ቅዳሜ እሱን ጨርሼ ሞተሩን አወርዳለሁ።