«ማሲንቆ ብቻ ነው የቀረን»

ጭራና ዕጣን፦
ዛሬ ጠዋት እዚሁ ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላየ ካለ ልድገመው። «ዘፈኑ ተቀናብሮ አልቋል፤ ማሲንቆ ብቻ ነው የቀረን። ቅዳሜ ዓባይ ማዶ ስቱዲዮ መጥቶ በግማሽ ሰዓት ገብቶ የሚወጣ አጃቢ እንፈልጋለን።» ቅኝቱ ምንድን ነው? አይልም። ዘፋኟ ከየትኛው ድምፅ ትነሳለች? አይልም። ስሙ ይጻፋል ወይ? እሱማ ጭራሽ። ጥያቄዬ ለሁላችሁም ነው፦ የዘፈኑን መግቢያ ከራሱ ያመጣ ማሲንቆ መቺ፣ ከ«ዜማ» እና ከ«ቅንብር» ተርታ ስሙ መግባት አለበት ወይስ የለበትም?

ሽምብጥ ሰፈር፦
«ብቻ» 😂 ወጡ ደርሷል፣ ጨው ብቻ ነው የቀረው።

ድልድዩ ማዶ፦
ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ መደባበቅ አያስፈልግም። ጨውም በመጨረሻ ነው የሚገባው፣ ወጥ የሠራ ሰው ያውቃል። መጀመሪያ ምት፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፤ ቀጥሎ ድምፅ፤ ከዚያ የባህል መሣሪያ። ስቱዲዮ የሚከፈለው በሰዓት ነው። አጃቢ ማለት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?

ጭራና ዕጣን፦
አጃቢውን ለጊዜው ተወው፤ «ብቻ» ያልካት ናት ያንገበገበችኝ። ግማሽ ሰዓትህን ልቁጠርልህ። ማሲንቆው ከውጭ ገብቶ የክፍሉን አየር እስኪለምድ 15 ደቂቃ ሄደ። አሁን ደግሞ ክረምት ነው፤ የጣና እርጥበት የፍየሉን ቆዳ ያላላዋል፣ ጭራውም እርጥበት ጠጥቶ ይረዝማል፣ ቃኝተህ እጅህን ሳታነሳ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ቆዳውን ከምድጃ ወይም ከአምፖል አንድ ክንድ አርቀህ ቀስ እያልክ ታሞቃለህ። ከተቻኮልክ ከጠርዙ ይተረተራል፤ ያኔ ቅዳሜም የለ፣ እሑድም የለ። ቀጥሎ ደጋኑን ዕጣን ታስነካለህ። ካነሰ ይንሸራተትና ድምፅ አይሰጥህም፤ ከበዛ ዜማውን ትቶ ይንጫጫል። ብርኩማውን ትፈትሻለህ፣ ትንሽ ከተንሸራተተ ጣትህ የለመደው ቦታ ሁሉ ይዛባል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ ዘፈኑን መስማት የሚጀመረው። መጫወት አላልኩም፣ መስማት።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። በል ሒሳቡን ዝጋ።

ባለ ማዳመጫው፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ማሲንቆ መቺው «ምቱ ላይ አልገባህም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ሳለ ነው። ባፈሩ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበት ማጠራቀሚያ፣ 1024 ላይ ከተተወ በሴኮንድ 48 ሺህ ናሙና ሲቀዳ ድምፁ 21 ሚሊሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ያውም የመሄጃው ብቻ፣ መመለሻው ሳይቆጠር። ሰባት ሜትር ርቆ ከቆመ ከበሮ መቺ ጋር ተጫወት እንደ ማለት ነው። ወደ 128 አውርዱት፤ ኮምፒውተሩ ካልቻለ ኪቦርዶቹን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይራችሁ ፕለጊኑን (ድምፃቸውን የሚያመነጨውን ፕሮግራም) አጥፉ። ማይኩንም ቆዳው ላይ አትለጥፉት። 5 ሴንቲሜትር ላይ የምትቀዱት የደጋን ፍትጊያ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር። ሌላው፣ በቴሌግራም የተጨመቀ ፋይል አትላላኩ፣ መነሻው ላይ ባዶ ጊዜ ይጨምርና ምቱ አይገጥምም። ያልተጨመቀውን ዋቭ ላኩ፤ ናሙናው በሴኮንድ 44.1 ሺህ ይሁን 48 ሺህ ደግሞ ጻፉበት። በ44.1 የተቀዳውን በ48 ካጫወታችሁት የግማሽ ድምፅ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከፍ ይላል፣ ይፈጥናልም። ከዚያ «ማሲንቆው አልተቃኘም» ይባላል።

ድልድዩ ማዶ፦
ይህ ሁሉ ሳይንስ ለአንድ ጭራ ነው? ይኸው የመግቢያውን 40 ሴኮንድ ለጥፌዋለሁ፣ ስሙትና ፍረዱ።

ወይዘሪት ክራር፦
ሰማሁት። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነው፣ ድምፅዋ ደግሞ ግሩም ነው። ግን ኪቦርዱ ምን እያደረገ ነው ከሥር? ከመነሻው ድምፅ ጋር አምስተኛውን፣ ማለትም ከዶ ጋር ሶልን፣ ደርበህ ዘረጋኸው። አንቺ ሆዬ ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ነው፤ ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ንጹሕ ሶል የት አለና? ትዝታና ባቲ ላይ የሚያምረውን ልማድ አምጥተህ እዚህ ስትጭነው ሶልና ሶል ቢሞል ጎን ለጎን ይፋጃሉ። ማሲንቆው ገብቶ ያችን ሶል ቢሞል ሲስባት የሚሳሳት የሚመስለው እሱ ነው። መጨረሻ የገባ እንግዳ ነዋ! ቤቱን ማን እንዳበላሸው የሚጠይቅ የለም።

ድልድዩ ማዶ፦
ኪቦርዱ በተለመደው መለኪያ፣ ላ 440 ኸርዝ ላይ ነው፣ ልክ ነው። ማሲንቆ ለኪቦርድ ይቃኛል እንጂ ኪቦርድ ለማሲንቆ አይቃኝም።

ወይዘሪት ክራር፦
ለምን አይቃኝም? ሙሉውን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው። ብዙዎቹ ላይ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ እያንዳንዱን ለብቻ ማስተካከያ አለ። አንዴ አስተካክለህ ታስቀምጠዋለህ፣ በቃ። ክራር ስድስቱን ክር ለዘፋኝ ሲል እንደገና ሲያዞር ማን «አይቃኝም» አለ?

ጭራና ዕጣን፦
እግዜር ይስጥሽ። «ብቻ» የመጣችው ከዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጦ ማሲንቆ በቀረችው ቀዳዳ ይግባ! ብቻ ሳይሆን ብቻውን ነው የቀረው።

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦
ማጀብን እናንተ ከፈረንጅ ባንድ ተምራችሁ ነው የምትጣሉበት። ማታ ባህል ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ሲባል እዩ። እንግዳው ስንኙን አንዴ ይላል። አዝማሪው ደጋኑን ሳያቆም ይሰማል፣ ቃሏን ሳያጎድል መልሶ ያዜማል፣ ወርቁ ሳይጠፋው ደግሞ ለቀጣይዋ ይዘጋጃል። ያን ጊዜ ማሲንቆው አጭር ዙር ይይዛል፤ ያ ዙር አዝማሪው እስኪሰማ መሬት ሆኖ ይጠብቀዋል። ማን ማንን አጀበ በሉኝ እስቲ? ይህን የማያውቅ የአዝማሪዎቹን መንደር ቡርቧክስን ይጠይቅ።

ሽምብጥ ሰፈር፦
መጣ! ቡርቧክስን ሳይጠራ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ክልክል ነው እንዴ? ጎጃም ውስጥ ማሲንቆ የለም?

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦
አለ። ጭራውን ከማን እንደምትገዙት ግን አላወራም።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ከፈረስ ነው የምንገዛው ጌታዬ። ከፈረስ።

ቀኝ ጌታው፦
መደማመጥ ካላችሁ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ዘጌ ገዳማት ማሕሌት ቆማችሁ እዩ። ቀኝ ያነሣል፣ ግራ ይቀበላል። በዝማሜ መቋሚያው ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ጸናጽል፣ ከዚያ ከበሮ፣ በመጨረሻ ምቱ እየፈጠነ ጭብጨባ። ከበሮ መቺው ዓይኑ ከመሪው አይነቀልም፤ ቸኩሎ ቢያፈጥን ማኅበሩ ሁሉ ይበተንበታል። በጆሮው ክሊክ የሚሉት የምት መቁጠሪያ አልገባለትም፤ ልኩ የጓደኛው እግር ነው።

ድልድዩ ማዶ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከዘፈን ጋር አንቀላቅል።

ቀኝ ጌታው፦
ልጄ፣ ዘፈኑን አላልኩም፤ ጆሮውን ነው ያልኩት።

ቅጅና መብት፦
ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን ከከዋኝ ለይቶ ነው የሚያየው። የተሰጠውን ዜማ የተጫወተ ከዋኝ ነው፤ መብቱ ተዛማጅ መብት ይባላል። በጋራ አመንጭተው ከሆነ ግን የጋራ አመንጪዎች ናቸው። ስለዚህ ክርክሩ ያለው «ማሲንቆ አጃቢ ነው አይደለም» ላይ አይደለም፤ መግቢያው ተሰጥቶት ነው ወይስ ራሱ አመጣው ነው። ምክሬ፦ ከመቀዳቱ በፊት አንዲት ገጽ ውል ይኑር። ማን ግጥም፣ ማን ዜማ፣ ማን ቅንብር፣ መግቢያው የማን፤ ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ ድርሻ አለው። ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ውል የጠብ መዝገብ ነው።

ድልድዩ ማዶ፦
አራት ስንኝ ለማይሞላ መግቢያ ድርሻ? እንግዲያው ሻይ ያመጣውም ይጻፍ።

ጭራና ዕጣን፦
ሻይ ያመጣው ዘፈኑ በስንተኛው ሴኮንድ እንደሚታወቅ አይወስንም። ሰው በሚኒባስ ሲሄድ ዘፈንህን የሚለየው በዚያች መግቢያ ነው፤ ኪቦርድህ ገና አልገባም።

ወይዘሪት ክራር፦
እዚህ ላይ ከጭራና ዕጣን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እያንዳንዱን ጌጥ ድርሰት ካልነው ማንም ማንንም ወደ ቤቱ አይጠራም። ዘፋኝ ስትተነፍስ ክፍተቱን የሚሞላ ሁሉ «ዜማ የእኔ» ካለ ጓደኝነቱም ይሞታል። መፍትሔው ቀድሞ መጥራት ነው። ረቂቁን በሦስት ቀን ቀደም ብለህ ላክ፤ ድምፅዋና ከበሮ ብቻ ይኑርበት። ከመግቢያው ስምንት የምት ቤት (ባር) ባዶ ተው። ችክችካ ከሆነ ክሊኩን ስድስት ጊዜ አታስጩኸው፣ በየቤቱ ሁለቴ ይበቃል፤ ጣት ይተነፍሳል። ትዝታ ከሆነ ክሊኩን አጥፋው። ዘፋኟና ማሲንቆው አንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን ይቀመጡ።

ድልድዩ ማዶ፦
አንድ ክፍል ካስቀመጥኳቸው ድምፅዋ በማሲንቆው ማይክ ይገባል። አንዱ ቢሳሳት ሁለቱም ይደግማሉ። የስቱዲዮ ኪራዩን ማን ይክፈል፣ ጓደኝነት?

ባለ ማዳመጫው፦
ልክ ነህ፣ ይገባል። ወፍራም ብርድ ልብስ መሃል ስቀል፣ ዓይናቸው እንዲተያይ ከአንገት በላይ ክፍት ተወው። ሁለት ሰዓት ፍጅተህ ሦስት ጊዜ ብትቀዳ በነጠላ ነጠላ ስትለጣጥፍ ከምታድርበት ይሻላል። ያቺን ሶል ቢሞል ደግሞ በኦቶ ቲውን፣ በማቃኛው ፕሮግራም፣ አትንካት። ቅኝቱን ሳታስገባለት ከተውከው ስበቷን ወደ ቅርቡ ድምፅ ይቀጠቅጣትና ማሲንቆው የልጅ መጫወቻ ይሆናል።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ጨው በመጨረሻ ነው የሚገባው ያልከው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ቁሌቱ ላይ ጣል የሚያደርጉ አሉ።

ድልድዩ ማዶ፦
ቁሌት ላይ ጨው?! ይህ ሰው ከግሩፑ ይውጣልኝ።

ጎንደሬው በባሕር ዳር፦
ጎጃሜ ነዋ።

ጭራና ዕጣን፦
ማስታወቂያውን ታስተካክላለህ ወይስ አታስተካክልም?

ድልድዩ ማዶ፦
«አጃቢ» የሚለውን አወጣለሁ። «ብቻ» ግን ትቆያለች፤ እውነት ነው፣ የቀረን እሱ ብቻ ነው። አምስተኛዋን ከኪቦርዱ አንስቻለሁ፣ ለወይዘሪት ክራር ስል። ዋቩን አሁን ላክሁት፤ የፈለገ መግቢያውን ይሞክር።

ባለ ማዳመጫው፦
44.1 ነው 48?

ድልድዩ ማዶ፦
ምኑ?