በግድግዳ ላይ የተጻፈ ዳዊት፦ «ይሬእየኒ» ወይስ «ይሬዕየኒ»?

ጥያቄ፤ ከጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ከምሠራበት ቤት ፊት ለፊት ባለው የግንብ አጥር ላይ አንድ ሠዓሊ የእረኛ ሥዕል ሥሎ፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» ብሎ ጽፎበታል፤ ከመጨረሻው ፊደል ወደ ታች የፈሰሰው የቀለም ጠብታ እንኳ እንደ ደረቀ አለ። በልጅነቴ ዳዊት ስለ ደገምሁ የ22ኛው መዝሙር መጀመሪያ መሆኑ አልጠፋኝም። ይሁን እንጂ በዚያ የሚያልፉ አንድ አዛውንት መሪጌታ ቆም ብለው አዩና «ይህ በዓይኑ ዐ መጻፍ ነበረበት፤ በአልፋው አ ሲጻፍ ‹ያየኛል› ማለት እንጂ ‹ይጠብቀኛል› ማለት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስከፍት ቃሉን በሁለቱም መንገድ አነበዋለሁ፤ ሳላስበውም ጸሎት ሆኖልኛል። ከፊደል ግድፈት መንፈሳዊ ትርጉም ማውጣት ይገባል? ዕብራይስጡስ ምን ይላል?

መልስ፤ የንባብ ቤት ልጅ

ወንድሜ፣ መሪጌታው ትክክል ናቸው። በዕብራይስጡ ቃሉ «ሮዒ» ነው፤ «እረኛዬ» ማለት ሲሆን የሚጻፈውም ዓይን በሚባለው ፊደል ነው። የእኛ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ስለሆነ፣ ግሪኩ ስሙን ወደ ግሥ እንደ ለወጠው ሁሉ ግእዙም «እረኛዬ ነው» ከማለት ይልቅ «ይጠብቀኛል» ይላል። የመዝሙሩ ቁጥርም በአንድ የሚጎድለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዕብራይስጡ 9ኛውና 10ኛው የተለያዩ ሲሆኑ በግሪኩና በግእዙ አንድ ናቸው።

ነገሩን የሚያስገርመው ግን ዕብራይስጡም እንደ ግእዙ ሁለቱን ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ መለየቱ ነው፤ በአሌፍ ሲጻፍ «ማየት»፣ በዓይን ሲጻፍ «መጠበቅ» ይሆናል። የሣራ አገልጋይ አጋር በምድረ በዳ እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ»፣ ማለትም «የሚያየኝ አምላክ»፣ ብላ የጠራችው በአሌፉ ነው። በአማርኛ አነጋገራችን የሁለቱ ፊደላት ድምፅ አንድ ከሆነ ዘመናት ስላለፉ ጸሐፍትም ሲያቀያይሯቸው ኖረዋል፤ የእናንተ ሠዓሊ በዚህ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ ብጠየቅ፣ የሚያይ አምላክን ማሰብ ከአጋር ታሪክ የተገኘ እውነት ስለሆነ ጸሎቱን አይከለክልም እላለሁ፤ ዳዊት እንዲህ ብሏል ብሎ ማስተማር ግን አይገባም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለምለሙ መስክና የዕረፍቱ ውኃ የእረኛ ነገር ነውና።

በዚሁ መዝሙር መጨረሻ ቸርነትና ምሕረት «ይከተሉኛል» የተባለውም በዕብራይስጡ «ራዳፍ» ነው፤ ጠላት ሸሽቶ የሚሄደውን ሲያሳድድ የሚነገርበት ቃል ነው። ይህን ጥቅስ በአይሱዙ ኋላ ላይ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ከመኪናው በስተኋላ የምንነዳው እኛ መሆናችን ትዝ ይለኛል።

መልስ፤ የአምባሰል እረኛ

እኔ የማነሣው ስለ ሥዕሉ ነው። ያን አጥር አይቸዋለሁ። እረኛው የያዘው በትር ጫፉ እንደ መንጠቆ የቆለመመ ነው፤ የአገራችን እረኛ ግን ቀጥ ያለ ዱላ በትከሻው አጋድሞ ነው የሚሄደው። መዝሙሩ «በትርህና ምርኩዝህ» ሲል ሁለት ዕቃ ይጠራል፤ አንዱ አውሬ የሚመታበት፣ ሌላው የሚደገፉበት። ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ ጅብ የመጣ ሌሊት ሁለቱንም ሥራ የሠራው ያው አንድ ዱላ ነበር። ሠዓሊው የእኛን እረኛ ቢሥል ኖሮ አላፊ አግዳሚው የፊደሉን ስሕተት ሳያይ በፊት ራሱን ባየ ነበር።

መልስ፤ ላስታ

በላሊበላ ለማያነበው ምእመን ድንጋዩ ራሱ ዳዊት ነው። ፈፋው ዮርዳኖስ ይባላል፤ በውስጡም ከአንድ አለት የተፈለፈለ መስቀል ቆሟል። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ የተቀረጹት ቅዱሳን የሰው ቁመት ያህላሉ። ጽሑፍ ሳያነቡ ዳስሰው ተሳልመው የሚያለቅሱ እናቶችን አይቻለሁና፣ የአንድ ፊደል ነገር ይህን ያህል ሊያስጨንቀን አይገባም ባይ ነኝ።

መልስ፤ የሸዋበር ጎረቤት

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ዘንድ የነቢይም ሆነ የአምልኮ ሥዕል ስለማይሣል በዚያ አጥር ስናልፍ የምናየው ጽሑፉን ነው። ለዳውድ ዘቡር እንደ ተሰጠው ቁርኣን ይናገራል፤ ተራሮችና ወፎችም አብረውት አላህን ያወድሱ እንደ ነበር ይገልጻል። የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ነው። ጎረቤቴ የሆነ ክርስቲያን ወዳጄ ቃሉን ሲተረጉምልኝ «ያየኛል» ነበር ያለኝ፤ እኔም አሚን ብዬ አልፌ ነበር።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ሠዓሊውን አግኝቼ የመሪጌታውን ቃል ነገርሁት። አልተከራከረኝም፤ ቀይ ቀለሙ ስላለቀ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ «እ»ን በ«ዕ» እንደሚለውጥ ነግሮኛል። ዱላውን ግን አልለውጥም አለ።